«ምንም የለም» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ትኩሳትም ስለ ክትባትም አይደለም። ረዘም ይላል፣ ከበድም ይላል፤ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ቆየት ብላችሁ አንብቡት። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሕፃን ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ዝርዝር ቀያይሬዋለሁ። የራሴን ስሕተት ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ካርድ አውጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ ነው የገባው። «ምንዎን ያምዎታል?» ስለው መልስ አልሰጠኝም። ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የይግባኝ ሰሚ ችሎት የፍርድ ግልባጭ ነው። አንዱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

«ዶክተር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

አነበብኩት። ከ2 ዓመት በፊት ሌላ ሆስፒታል ስሠራ የሰጠሁት የሕክምና ማስረጃ ነው። ዳኞቹ ቃል በቃል ጠቅሰውታል፦ «የጉዳት ምልክት የለም። ክብረ ንጽሕናዋ አልተነካም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ኮሪደሩ በታካሚ የተሞላበት ቀን እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ይህ ግን ሰበብ አይሆነኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ይንገሩኝ። ምንም የለም ማለት ልጄ ዋሽታለች ማለት ነው?»

ልጅቷ ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። የተከሰሰው እዚያው ግቢ የሚኖር ተከራይ ነው። እናቷ ማታ ገላዋን ስታጥባት «እዚህ ጋ ያመኛል» አለቻት። እናት የምትሆነው ጠፋት። አክስት ተጠራች፣ ጎረቤት መጣ፣ ልጅቷ መሐል ተቀምጣ እስከ ሌሊት ተጠየቀች። «እሱ ነው አይደል? ንገሪን፣ ማንም አይቆጣሽም።» የለበሰችው ልብስ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ አደረና በማግሥቱ ታጠበ። እኔ ጋ ያመጧት በ3ኛው ቀን ነው።

የሥር ፍርድ ቤት ልጅቷን ለብቻ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በካሜራ እያየ ቃሏን ሰማ። አመናት። ሰውየው ጥፋተኛ ተባለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ሕፃን ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ይግባኝ ጠየቀ፤ መብቱ ነው።

የይግባኙ ዳኞች ደግሞ ሌላ ነገር ታያቸው። የሐኪም ማስረጃው «ምንም የለም» ይላል። እናት ገበያ የሄደችው 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳለች፤ ልጅቷ ግን «ጨልሞ ነበር» ብላለች። የሰውየው ስም ደግሞ መጀመሪያ የወጣው ከልጅቷ አፍ ይሁን ከትልልቆቹ አፍ በግልጽ አይታወቅም። ጥርጣሬ አለ ብለው በነጻ አሰናበቱት።

የአባትየውን ጥያቄ ልመልስ። አይደለም። «ምንም የለም» ማለት «ምንም አልተደረገም» ማለት አይደለም።

ምግብ ስታኝኩ የጉንጫችሁን ውስጥ ነክሳችሁ ታውቃላችሁ? በስንት ቀን ዳነ? የሕፃን ብልትም የተሸፈነው እንደዚያ ባለ ስስና ቶሎ በሚድን ሥጋ ነው። መጫር፣ መቅላት፣ ትንሽ መሰንጠቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዱካው ሊጠፋ ይችላል። ከጥቃቱም አብዛኛው ጭራሹን ቁስል የሚተው ዓይነት አይደለም፤ መነካካት፣ ማሻሸት፣ በአፍ የሚደረግ ሊሆን ይችላል። ክብረ ንጽሕና የምንለውም እንደ ጠርሙስ ክዳን የታሸገ ነገር አይደለም። ከተወለደች ጀምሮ ክፍት የሆነ፣ ከልጅ ልጅ ቅርጹ የሚለያይ ስስ ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ 36 ያረገዙ ልጃገረዶች ተመርምረው፣ ግብረ ሥጋ መፈጸሙን በእርግጠኝነት የሚያሳይ ምልክት የተገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነው። እርጉዞች እኮ ናቸው! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቅረት እንዳለበት አሳውቋል። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር፦ «በምርመራው የጉዳት ምልክት አልተገኘም። ይህ ግኝት ልጅቷ የተናገረችውን አያረጋግጥም፣ አያስተባብልምም።» አንድ መስመር ይጨምራል። ያቺ መስመር ኖራ ቢሆን ዳኞቹ የእኔን ወረቀት ልጅቷ ላይ አይመዝኑትም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ይግባኝ ሰሚ ችሎት የሕፃን ቃል እንዴት ነው የሚመዝነው? ሐኪም ነኝ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። ጠበቃ ወዳጆቼን እየጠየቅሁ፣ የሌሎች አገሮችንም ፍርዶች እያነበብሁ ጥቂት ሌሊቶች አሳልፌአለሁ። ያገኘሁት ነገር ከፍርድ ቤት ይልቅ እኛን፣ ወላጅንና ሐኪምን፣ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷን አያያትም። ስታለቅስ፣ ፊቷን ስታዞር፣ አሻንጉሊቱን ስትጨብጥ ያያት የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። የይግባኙ ዳኛ የሚያየው ወረቀት ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር የበላይ ፍርድ ቤቶች ምስክሩን በዓይኑ ያየው ዳኛ የደረሰበትን እምነት በቀላሉ አይነኩም። ወረቀቱ ላይ ያልተብራራ ቅራኔ ካገኙ፣ ወይም ዳኛው ለምን እንዳመነ ምክንያቱን ካልጻፈ ግን ይነኩታል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ወረቀቱ ላይ በሰፈረውና ባልሰፈረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ሁለት ፍርዶች ሰጥቷል። በአንዱ ዳኛ በርታ ዊልሰን የጻፉት ነገር ለእኔ ለሐኪሙ በጣም ገባኝ። ሕፃንን በአዋቂ ሚዛን አትመዝኑ ነው ነገሩ። ሕፃን ቀኑንና ቦታውን አጥርቶ ላይናገር ይችላል፤ ያ ማለት ግን ምን እንደተደረገበትና ማን እንዳደረገው አያውቅም ማለት አይደለም። ይህን ሲሉ ግን አንድ ነገር አስምረውበታል፦ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለት የሚያስፈልገው የማስረጃ ልክ ዝቅ አይልም። ሕፃን የተናገረው ሁሉ ይታመን አላሉም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ምክንያቱም ተከሳሹ ሐኪም ነው። አንዲት እናት የ3 ዓመት ተኩል ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እናትየው በሌላ ክፍል ለምርመራ ልብሷን ስትቀይር ልጅቷ ከሐኪሙ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ቀረች። ከወጡ ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ እናት እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቀቻት፤ ከሐኪሙ ጋር ስታወሩ ነበር፣ ምን አለሽ? ልጅቷም ከረሜላ እንደሰጣት ጀምራ የሆነውን በራሷ የሕፃን ቃል ተናገረች። የ3 ዓመት ልጅ ልታውቀው የማትችለው ነገር ነበረበት። ልብሷ ላይ የተገኘው እድፍ ሲመረመር የዘር ፈሳሽና ምራቅ ነበር።

የመጀመሪያው ዳኛ ልጅቷ ለመመስከር አልደረሰችም፣ እናትየዋም ከልጇ የሰማችውን መናገር አትችልም ብሎ ሰውየውን ነጻ አወጣው። ጉዳዩ በይግባኝ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን በጻፉት ፍርድ የእናትየዋ ቃል መሰማት ነበረበት፣ ጉዳዩም እንደ አዲስ ይታይ ተባለ። የታዩት ነገሮች የሚያስገርሙ አይደሉም፦ ልጅቷ የተናገረችው ወዲያው ነው፣ ሳትገፋ ነው፣ የምትዋሽበት ምክንያት የላትም፣ የተናገረችው ከዕድሜዋ በላይ ነው፣ ልብሱም ይደግፋታል።

እናትየዋ ምን እንዳደረገች ልብ ብላችኋል? አንድ ክፍት ጥያቄ ጠየቀች። «እንዲህ አደረገሽ ወይ?» አላለችም። ልብሱም አልታጠበም።

ስለ ዕድሜ ለሚጠይቁኝ ወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር። «ገና ሕፃን ናት፣ ማን ይሰማታል?» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ስትጠየቅ 3 ዓመቷ፣ ችሎት ስትመሰክር 4 ዓመቷ በነበረች ልጅ ቃል ላይ የተመሠረተ ፍርድ አጽንቷል። ዕድሜ ብቻውን አይወስንም፤ የሚጠየቀው ይህቺ ልጅ፣ ይህቺው ራሷ፣ የሚቀርብላትን ጥያቄ ትረዳለች ወይ፣ የምትመልሰውስ ይገባል ወይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደማይመቸው ወገን ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም እኔ ይህን የምጽፈው ዳኞቹን ልወቅስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ አንድ 4 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሐኪም ዘንድ ሙቀቱ በፊንጢጣ ሲለካ መምህሬም እንዲህ ታደርገኛለች የሚል ነገር ተናገረ። ምናልባት የሙቀት መለኪያ ማለቱ ነው፣ ምናልባትም ሌላ። ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በተደጋጋሚ ተጠየቁ። «አይ፣ ምንም አላደረገችንም» ያለው ልጅ ደግሞ ተጠየቀ፤ ጓደኞችህ ተናግረዋል ተባለ፤ ሲናገር ተሞገሰ። መምህሯ እ.ኤ.አ. በ1988 በ115 ክሶች ጥፋተኛ ተብላ 47 ዓመት ተፈረደባት። 5 ዓመት ገደማ ከታሰረች በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1994 መሻሩን አጸና። የጥያቄው አጠያየቅ የልጆቹን ትዝታ ራሱን አበላሽቶት ይሆናል፣ ስለዚህ እንደገና ክስ ቢመሠረት መጀመሪያ ይህ ይጣራ አለ።

ይህን ሳነብ ያቺ ሌሊት ትዝ አለችኝ፤ አክስት፣ ጎረቤት፣ «እሱ ነው አይደል?» ሕፃን ትልልቆች ደስ እንዲላቸው ይፈልጋል። 10 ጊዜ ከተጠየቀ የመጀመሪያው መልሱ ስሕተት ነበር ብሎ ያስባል። እውነት የተናገረችን ልጅ እንኳ እንዲህ ብንጠይቃት፣ እውነቷን ከእኛ ቃል የሚለይ ዳኛ አይገኝም። ያቺ እናት ክፉ አልነበረችም። እኔም ልጄ ላይ ቢደርስ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ከ2 ዓመት በኋላ ተከሳሹን በነጻ ያሰናበተው አንዱ ምክንያት ያ ሌሊት ነው።

ሌላው ምክንያት እኔ ነኝ፤ ያውም ከምርመራው ወረቀት በላይ።

አባትየው ግልባጩን ትቶልኝ ሄዶ ስለነበር ማታ ቤት ሆኜ ደግሜ አነበብኩት። «ጨልሞ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ልጅቷ ምርመራ አልጋው ላይ ሆና፣ ክፍሉን ለማየት እንዲመቸኝ መብራት ሳበራ፣ አንድ ነገር ብላኝ ነበር። «የእሱ ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር።» መስኮት የሌላት ሰርቪስ ክፍል፣ በሩ ከተዘጋ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ናት። እናትየዋም ልጅቷም ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ 9 ሰዓትም ነበር፣ ጨልሞም ነበር።

አልጻፍኩትም። «የሕክምና ጉዳይ አይደለም» ብዬ ይሆናል፣ ወይም ምንም ሳላስብ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ስመሰክር ልጅቷ የነገረችኝ ነገር ካለ ተጠይቄ «አላስታውስም» ብያለሁ፤ በእውነትም አላስታወስኩም ነበር።

አሁንስ? አሁን ያስታወስኩት የፍርዱን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ነው። መልሱን አውቄ ነው ጥያቄው ትዝ ያለኝ። ልጅቷ በእርግጥ ብላኛለች ወይስ ጸጸቴ ነው የፈጠረልኝ? እኔ የ40 ዓመት ሰው፣ የተማርኩ ሐኪም፣ ከራሴ ትዝታ የትኛው የእኔ እንደሆነ መለየት ካቃተኝ፣ በ6 ዓመት ልጅ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳደረግንባት አስቡት። ለአባትየው ጠበቃ ይህንኑ እንዳለ ነግሬዋለሁ፣ ጥርጣሬዬን ጭምር። የምርመራው ግኝት ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ የሚያብራራ ደብዳቤም ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት እንጂ ማስረጃን እንደገና መመዘን ስላልሆነ ደብዳቤዬ የት እንደሚደርስ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰውየው አድርጎታል ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ልጅቷ ግን የምትናገረው ሙሉ ሆኖ ሊመዘንላት ይገባ ነበር፤ እኛ ትልልቆቹ አጎደልንባት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ቢደርስ (አያድርስባችሁ) ምን ታደርጋላችሁ?

ልጁ ሲናገር አትጩኹ፣ ደረታችሁን አትምቱ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፊታችሁ ሲለወጥ ካየ ዝም ይላል፣ ወይም የተናገረውን ይመልሰዋል። «ከዚያስ?» «ሌላስ?» «እስቲ ንገረኝ» ብቻ በሉ። ስም አትስጡት፣ «እንትና ነው?» አትበሉ፣ አካል አትጠቁሙ። የሚለውን ብሎ ሲጨርስ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉትና አቁሙ። ደግማችሁ አትጠይቁ። አክስትም አያትም እንዲሰሙ ብላችሁ አታስደግሙት። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱና የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉት፤ ሳታሳምሩ፣ ሳታስተካክሉ። «ወፉን» ካለ «ወፉን» ብላችሁ። እናንተ ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁትም ጻፉ፣ ሰዓቱንና ቀኑንም። «ትናንት» ካለ «ትናንት» ብሎ ነው የሚጻፈው፤ የ4 ዓመት ልጅ ያለፈውን ሁሉ «ትናንት» ሊል ይችላል፣ እሱን ባለሙያው ይፈታዋል።

ገላውን አታጥቡ። ልብሱን፣ የውስጥ ሱሪውንና አንሶላውን ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ያዙ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ከታጠበም ግን «አለቀልን» ብላችሁ አትቅሩ።

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ጠዋትን አትጠብቁ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ነው፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የወር አበባ ላየች ልጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። 72 ሰዓት ካለፈም ኑ፤ ሌላ የምናክመው ብዙ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላላችሁ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን አንድ ቦታ ስለሚያገናኝ ልጁ ለእያንዳንዱ እንዳዲስ ከመናገር ይድናል። በፍርድ ቤት በኩልም ለሕፃናት ምቹ ችሎት የሚባል አለ፤ ልጁ ተከሳሹን ሳያይ በሌላ ክፍል ሆኖ፣ ጥያቄው በማኅበራዊ ሠራተኛ አማካይነት በሚገባው ቋንቋ እየቀረበለት ይመሰክራል። ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ላይነገራችሁ ይችላል።

እኔን ወይም ሌላ ሐኪም «ድንግል ናት ብለህ ጻፍልኝ» አትበሉ። በቤተሰብ ክብር ጭንቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ እናቶች እያለቀሱ ጠይቀውኛል። ያቺ ቃል ወረቀት ላይ ከሰፈረች በኋላ ለማን እንደምትመሰክር አይታችኋል። ይልቅ ከመውጣታችሁ በፊት «ዶክተር፣ ልጄ ያለችውን በራሷ ቃል ካርዱ ላይ ጽፈኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣ ሐኪም ቢገጥማችሁም ጠይቁት።

ልጅቷ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። ቤተሰቡ ከዚያ ግቢ ለቋል። በሳምንት አንድ ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ትሄዳለች፤ አባቷ ነው የሚወስዳት። ባለፈው ለጉንፋን ይዟት መጥቶ ነበር። ጉሮሮዋን ለማየት ባትሪ ሳበራ ዓይኗን ጨፈነች፤ አጥፍቼ መጋረጃውን ከፈትኩት።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሲመቸኝ ሁሉንም እመልሳለሁ። ኮሜንት ላይ ግን የልጅ ስም፣ ፎቶ፣ ትምህርት ቤት፣ የተጠረጠረም ሰው ስም እንዳትጽፉ። ካየሁ አጠፋዋለሁ፤ ክስ ላይ ያለ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የእናንተም ኮሜንት ነገ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል።